የልብ ቫልቭ ተጎድቷል ከተባሉ በኋላ፦ ሕክምናውን ደረጃ በደረጃ

«ቫልቩ ተጎድቷል» ሲባል ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠይቀው የቀዶ ሕክምናውን ዋጋ ነው። መጠየቁ አይከፋም፤ ተራው ግን ገና ነው። ቫልቩ የታመመ ሁሉ ቀዶ ሕክምና አያስፈልገውም። በመርፌና በክትትል ብዙ ዓመት የሚቆይ አለ፤ በብሽሽቱ በሚገባ ቀጭን ቱቦ ደረቱ ሳይከፈት የሚታከም አለ። ደረቱ የሚከፈተውም ቢሆን ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ የሚፈትነው ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ ነው። ስለዚህ ሕክምናው የሚመረጠው ቫልቩን ብቻ አይቶ አይደለም። የት ይኖራሉ? ደም የሚመረመርበት ቦታ ምን ያህል ይርቃል? መውለድ ያስባሉ? እነዚህም እኩል ይመዝናሉ።

ይህ መመሪያ በዋናነት የሚናገረው በአገራችን ወጣቶችን ስለሚያጠቃው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። የሚጀምረው በልጅነት፣ ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ባክቴሪያ ከሚመጣ የቶንሲል ሕመም ነው። ጉሮሮው ከዳነ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ልጁን ያተኩሰዋል፤ ጉልበቱ ወይም ቁርጭምጭሚቱ ያብጣል፤ ሰውነቱ ባክቴሪያውን ለመውጋት ያዘጋጀው መከላከያ የገዛ ልቡን ቫልቭ ይመታል። እንጥል ማስቆረጥ ይህን አያስቀረውም፤ ደም መፍሰስና ቁስል ከመጨመር በቀር። በወቅቱ የሚያስቀረው ፔኒሲሊን ነው።

መጀመሪያ፦ የኢኮውን ወረቀት ይረዱ

የልብ አልትራሳውንድ፣ በተለምዶ ኢኮ የሚባለው ምርመራ፣ ለውሳኔው ሁሉ መሠረት ነው። ውጤቱን በቃል ብቻ ሰምተው አይውጡ፤ ቅጂውን ይውሰዱ፣ ፎቶም ያንሡት። «ትንሽ ችግር አለ» የሚለው አነጋገር ለሚቀጥለው ሐኪም ምንም አይነግረውም፤ ቁጥሩ ግን ይነግረዋል።

ልብ አራት ቫልቮች አሉት። ሩማቲክ አብዝቶ የሚመታው ማይትራል የሚባለውን፣ ከሳንባ የመጣው ደም ወደ ግራው የታችኛው የልብ ክፍል የሚያልፍበትን ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ ደም ወደ ሰውነት የሚወጣበትን አኦርቲክን። ጉዳቱ በሁለት መልክ ይመጣል። አንደኛው ጥበት ነው፦ የቫልቩ ክንፎች ጠርዝ ለጠርዝ ተጣብቀው መተላለፊያው ይጠባል። ሁለተኛው አለመግጠም ነው፦ ክንፎቹ ስለተሸበሸቡ ቫልቩ አይዘጋም፣ ደሙ ወደ ኋላ ይመለሳል። በአንድ ቫልቭ ላይ ሁለቱም ሊኖሩ ይችላሉ፤ የሕክምናው መንገድ ግን የሚለያየው እዚህ ላይ ስለሆነ ሐኪምዎን እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦

– የተጎዳው የትኛው ቫልቭ ነው? የበለጠው ችግር መጥበቡ ነው ወይስ መመለሱ?
– ደረጃው ቀላል፣ መካከለኛ ወይስ ከባድ ነው?
– ማይትራሉ ከጠበበ ስፋቱ ስንት ነው? (የጤነኛ ሰው ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲሜትር ነው፤ 1.5 እና ከዚያ በታች ከባድ ይባላል።)
– የልቡ የመግፋት አቅም ስንት ከመቶ ነው? የሳንባው ደም ግፊት ጨምሯል?
– የግራው የላይኛው ክፍል ውስጥ የረጋ ደም አለ? የልብ ምቱ ሥርዓቱን ስቷል?

የመጨረሻውን ጥያቄ ሰው አዘውትሮ ይዘነጋዋል። ነገሩ ግን ከባድ ነው፤ ምቱ የተዘበራረቀ ልብ ደም ያረጋል፣ የረጋው ደም ወደ አንጎል ሄዶ ያልጠረጠረውን ወጣት በአንድ ጀምበር ሽባ ያደርጋል።

ሁለተኛ፦ የወር መርፌውን አያቋርጡ

የወር መርፌው፣ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን፣ የተበላሸውን ቫልቭ አይጠግንም። ለዚህም ነው ብዙ ሰው «ለውጥ የለውም» ብሎ የሚተወው። ሥራው ሌላ ነው፦ አዲስ የቶንሲል ኢንፌክሽን መጥቶ ቫልቩን ዳግም እንዳይመታው ይጠብቃል። እያንዳንዱ አዲስ ምት ጉዳቱን አንድ ደረጃ ስለሚገፋው፣ መርፌውን መዝለል ሳይታወቅ ወደ ቀዶ ሕክምና መቅረብ ነው። በኡጋንዳ ሕመሙ ገና በጅምር ላይ ባለባቸው ልጆች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት ልዩነቱን በግልጽ አሳይቷል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ መርፌውን ካልወሰዱት 8.2 በመቶዎቹ ሲባባስባቸው፣ ከወሰዱት የተባባሰባቸው 0.8 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ለአዋቂ የሚሰጠው 1.2 ሚሊዮን ዩኒት ነው፤ ለትንንሽ ልጆች ግማሹ። የሚወጋው በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ በጡንቻ ላይ ነው። «የወር» ስለተባለ ወሩ ሲሞላ ብቻ አይጠብቁ፤ 28 ቀን ቆጥረው በቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት ያድርጉ። ቫልቩ ላይ ጉዳት የቀረ ከሆነ ቢያንስ 10 ዓመት ወይም 40 ዓመት እስኪሞላ፣ ከሁለቱ የሚረዝመውን ያህል ይቀጥላል። ቫልቩ በሰው ሠራሽ ከተተካ በኋላም አይቆምም፤ ይህን ብዙዎች አይጠብቁትም።

መርፌው ያማል፤ ልጆች የሚሸሹትም ለዚህ ነው። ጠርሙሱ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ቅዝቃዜው እስኪለቀው መጠበቅ፣ ቀስ ብሎ መውጋትና ባለሙያው ከፈቀደ በሊዶኬይን መበጥበጥ ሕመሙን ይቀንሳል። ሌላው ችግር ፍርሃት ነው፤ «መርፌው ሰው ገደለ» የሚል ወሬ የሰሙ ጤና ጣቢያዎች ለመውጋት ያመነታሉ። ለፔኒሲሊን የሚቆጣ ሰውነት ያለው ሰው አለ፤ አለርጂ እንዳለበት ከመወጋቱ በፊት መጠየቅ አለበት። ይሁንና ልባቸው በጣም በደከመ ሰዎች ላይ የሚደርሰው ድንገተኛ አደጋ፣ ከአለርጂው ይልቅ በመርፌው ሕመምና ድንጋጤ የደም ግፊት ከመውረዱ ጋር እንደሚያያዝ ባለሙያዎች ይገምታሉ። ስለዚህ ባዶ ሆድ አይሂዱ፤ ምግብና ውኃ ቀምሰው፣ ተኝተው ይወጉ፤ ከተወጉ በኋላም ጥቂት አረፍ ይበሉ። ጥበቱ ከባድ ከሆነ ወይም ልብዎ ከደከመ ግን መርፌው በሚዋጥ ፔኒሲሊን ይተካልኝ ብለው ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ በቀን ሁለት ጊዜ የሚወሰድ ነው።

ሦስተኛ፦ እንክብሎቹ ምን እንደሚሠሩ ይወቁ

ላሲክስና መሰሎቹ በሳንባና በእግር የተጠራቀመውን ውኃ በሽንት ያወጣሉ፤ አቴኖሎል፣ ሜቶፕሮሎል ወይም ዲጎክሲን የልቡን ሩጫ ያረጋጋሉ። ትንፋሽ ይቀልልዎታል፣ ሌሊት ተኝተው ያድራሉ። ቫልቩ ግን እንደነበረ ነው። አደጋውም እዚሁ ላይ ነው፤ ሰው ተሻለኝ ብሎ ክትትሉን ይተዋል፣ የሚመለሰውም ልቡ ከሰፋ፣ የቀዶ ሕክምናው ዕድል ከጠበበ በኋላ ነው።

ጨው ይቀንሱ። ለታማሚው ለብቻው ከሚሠራለት ይልቅ የቤቱ ወጥ ሁሉ ጨው ቢቀንስ ይሻላል፤ በርበሬና ሚጥሚጣው ውስጥ ያለውንም አይርሱ። ክብደትዎን በአንድ ሚዛን ይከታተሉ፤ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው በሚቀመጡት ልጆችም ቢሆን። በሦስት ቀን ውስጥ ከ2 ኪሎ በላይ ከጨመሩ ውፍረት ሳይሆን ውኃ ነው፤ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ያማክሩ። ጠበል የሚጠጡ ከሆነም ልኩን ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ልቡ የደከመ ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ውኃ ሲጠጣ ሳንባው ይሞላል፣ ካስመለሰው ደግሞ መድኃኒቱም አብሮ ይወጣል። እምነትዎን ተዉ የሚልዎ የለም፤ እንክብሉን ግን አያቋርጡ።

አራተኛ፦ ለባሉን ይሆናሉ?

ማይትራሉ ከጠበበና ክንፎቹ ገና ለስላሳ ከሆኑ ከሁሉ የቀለለው መንገድ ባሉን ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ጃፓናዊው ካንጂ ኢኖዌ የጀመረው ዘዴ ነው፤ በብሽሽት ደም ሥር ቱቦ ገብቶ ወደ ልብ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ያለው ባሉን የተጣበቁት ክንፎች መካከል ተነፍቶ ያላቅቃቸዋል። ደረት አይከፈትም፤ ብዙው ሰው በጥቂት ቀን ውስጥ ቤቱ ነው።

ለሁሉም ግን አይሆንም። ወደ ኋላ የሚመለሰው ደም ከመካከለኛ በላይ ከሆነ፣ ወይም በልቡ ውስጥ የረጋ ደም ካለ አይሠራም። ክንፎቹ ወፍረው ካልሲየም ከያዙም ውጤቱ ደካማ ነው። ሐኪሞች ይህን የሚለኩት ዊልኪንስ በሚባል ነጥብ ነው፤ 8 እና ከዚያ በታች ጥሩ ዕጩ ያሰኛል። «ነጥቤ ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ከዓመታት በኋላ ቫልቩ መልሶ ሊጠብ ይችላል፤ ቢሆንም በተለይ መውለድ ለምታስብ ወጣት እነዚያ ዓመታት ብዙ ናቸው።

ስለ መውለድ ከተነሣ፦ የማይትራል ጥበት ያለባት ሴት ሕመሟን የምታውቀው ብዙውን ጊዜ በእርግዝናዋ መካከል ነው። በእርግዝና ጊዜ የደሙ መጠን ወደ ግማሽ ያህል ስለሚጨምር፣ በጠባቡ መተላለፊያ የማያልፈው ደም ሳንባ ላይ ይተኛል። እርጉዝ ሆና ጋደም ስትል የሚያፍናትን ሴት «የእርግዝና ነው» ብሎ መሸኘት አይገባም፤ ኢኮ ትታይ። ከማርገዝ በፊት መታከም ከሁሉ ይሻላል፤ ካልሆነም ባሉኑ በእርግዝና ጊዜ፣ ከሦስተኛው ወር በኋላ ሊሠራ ይችላል።

አምስተኛ፦ ቀዶ ሕክምና ከሆነ፣ የትኛው?

ምርጫው ሦስት ነው፤ መጠገን፣ በብረት መሰሉ መተካት፣ ወይም በእንስሳ ቲሹ መተካት።

የሚቻል ከሆነ መጠገን ይቀድማል፤ የራስ ቫልቭ ነውና ዕድሜ ልክ የደም ማቅጠኛ አይጠይቅም። ሩማቲክ የጎዳውን ቫልቭ መጠገን ግን በእርጅና የላላውን ከመጠገን ይከብዳል፤ ቀዶ ሐኪሙ በዚህ ሥራ የተካነ መሆኑን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። ወደፊት ሌላ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ እንደሚችልም ይወቁ።

ብረት መሰሉ ቫልቭ ዛሬ ከካርቦን የሚሠራ ነው። የመጀመሪያው ስኬታማ የማይትራል ቫልቭ እ.ኤ.አ. በ1960 አልበርት ስታር የተባለው ቀዶ ሐኪምና ኢንጂነሩ ሎዌል ኤድዋርድስ በአሜሪካ ኦሪገን የሠሩት ነበር። የካርቦኑ ቫልቭ ሲዘጋ ጸጥ ባለ ክፍል ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማል፤ ይህ ደኅና ምልክት ነው። ለአሥርት ዓመታት ያገለግላል። ዋጋው ደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን ነው፤ ዕድሜ ልክ፣ በየቀኑ፣ ከደም ምርመራ ጋር።

የቲሹው ቫልቭ ከላም ልብ ሽፋን ወይም ከአሳማ ቫልቭ ይዘጋጃል። የአሳማው ለእምነትዎ የሚከብድ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ፤ የላሙ አለ። ከመጀመሪያዎቹ ወራት በኋላ፣ የልብ ምቱ ካልተዘበራረቀ፣ ዋርፋሪን ላያስፈልግ ይችላል። ነገር ግን ያረጃል፤ በወጣት ሰውነት ውስጥ ደግሞ ቶሎ ያረጃል፣ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ ቀድሞ። ያኔ ደረት ዳግም ይከፈታል።

መጻሕፍቱ ለወጣት ብረት መሰሉን፣ ለአዛውንት ቲሹውን ያቀርባሉ። እኔ ግን ይህ ደንብ ላቦራቶሪ በየመንደሩ ላለበት አገር የተጻፈ ይመስለኛል። ደሟን ለማስመርመር አንድ ቀን ሙሉ በመኪና ለምትሄድ የ19 ዓመት ልጃገረድ፣ ያውም ነገ አግብታ ለምትወልድ፣ ብረት መሰሉ ቫልቭ ከሌላ ቀዶ ሕክምና የባሰ አደጋ ሊሆንባት ይችላል። ዋርፋሪን በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት፣ በተለይ በቀን ከ5 ሚሊግራም ካለፈ፣ ፅንሱን ይጎዳል፤ ቢተው ደግሞ ቫልቩ ላይ ደም ይረጋል። ስለዚህ ውይይቱ ፊርማው ላይ ሳይሆን ከሳምንታት በፊት ይሁን፤ የሚያገባት ወይም ያገባት ሰው፣ እናትና አባትም ይገኙ። ዋርፋሪን የምትወስድ እናት ጡት ማጥባት ትችላለች፤ ይህን ባለማወቅ ልጅ ጡት መከልከሉ ያሳዝናል። ለወሊድ መቆጣጠሪያ ኤስትሮጅን ያለባቸው እንክብሎች ደም ስለሚያረጉ አይመረጡም፤ በክንድ የሚቀበረው ይሻላል።

የት? አዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ማዕከል ብዙ ሕፃናት የታከሙበት ነው፤ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ቀዶ ሕክምና እንደሚያስፈልግ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ ይመዝገቡ። እስራኤል ሆሎን በሚገኘው ዎልፍሰን ሆስፒታል የሚሠራው «ሴቭ ኤ ቻይልድስ ኸርት» የተባለው ድርጅትም የኢትዮጵያ ልጆችን ሲያክም ቆይቷል። ገንዘብ አዋጥተው ወደ ሕንድ የሚሄዱም ብዙ ናቸው። ወደ የትም ይሂዱ፣ ሲመለሱ የቀዶ ሕክምናውን ማጠቃለያ፣ የቫልቩን ዓይነትና ቁጥር የያዘውን ካርድ፣ የመጨረሻውን የኢኮ ውጤት ሳይዙ አይምጡ። የሚዋጣው ገንዘብ ላይም የሚቀጥለው ዓመት የመድኃኒትና የምርመራ ወጪ ተደምሮ ይሰላ።

ውጭ አገር ሆነው አረጋዊ ወላጅ የሚያስታምሙ ከሆነ ታሪኩ ይለያል። በእርጅና የሚመጣው አብዛኛው የአኦርቲክ ጥበት ነው፤ ሲራመዱ ደረት የሚወጋ፣ የሚያዞር፣ አንዳንዴም የሚጥል። እነዚህ ምልክቶች ከታዩ ማዘግየት አይገባም። እ.ኤ.አ. በ2002 ፈረንሳዊው አላን ክሪቢዬ በሩዋን ከተማ የጀመረው ታቪ የሚባለው ዘዴ አዲሱን ቫልቭ በእግር ደም ሥር በኩል አስገብቶ በቦታው ይተክላል። እናትዎ «በዚህ ዕድሜዬ ደረቴን አልከፍትም» ካሉ፣ ላይከፈት እንደሚችል በቋንቋቸው የሚያስረዳቸው ሰው ይፈልጉ። ለሩማቲክ ወጣት ግን ታቪ አብዛኛውን ጊዜ መፍትሔ አይደለም።

ስድስተኛ፦ ከዋርፋሪን ጋር መኖር

መጀመሪያ ዒላማዎን ይወቁ። አይኤንአር የሚባለው የደም ምርመራ ደሙ ምን ያህል እንደቀጠነ ይለካል። በማይትራል ላይ ብረት መሰል ቫልቭ ላለው አብዛኛውን ጊዜ ከ2.5 እስከ 3.5፣ በአኦርቲክ ላይ ላለው ከ2 እስከ 3 ይፈለጋል፤ የማይትራል ጥበት ኖሮት ምቱ ለተዘበራረቀም ከ2 እስከ 3 ነው። ከታች ሲሆን ይረጋል፣ ከላይ ሲሆን ይደማል። አንድ ደብተር ይግዙ፤ ቀኑን፣ የአይኤንአር ውጤቱን፣ የሚወስዱትን መጠን ይጻፉበት። መጠኑ ሲቀየር በሳምንት ውስጥ፣ ሲረጋጋ በየወሩ ይመርመሩ።

ማታ፣ ሁሌም በአንድ ሰዓት ይዋጡት። ማታ መሆኑ ለጾመኛም ለሮመዳን ጿሚም ይመቻል፤ ቀን የተመረመሩት ውጤትም መጠን ለመቀየር ይደርሳል። ቢረሱት በዚያው ሌሊት ይውሰዱት፤ ነግቶ ከሆነ ይለፉት እንጂ እጥፍ አይዋጡ። እንክብሉን በቀለሙ ሳይሆን በላዩ ባለው የሚሊግራም ቁጥር ይለዩት፤ ፋብሪካው ሲለወጥ ቀለሙም ይለወጣልና።

ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ቫይታሚን ኬ ስላላቸው የዋርፋሪንን ጉልበት ይቀንሳሉ። «ጎመን አትብላ» የሚለው ምክር ግን ትክክል አይደለም፤ የሚፈለገው መጠኑ ሳይዋዥቅ መብላት ነው። ስለዚህ ዐቢይ ጾም ሲገባ ገበታው ወደ ጎመን ሲያዘነብል፣ ለፋሲካም ሲለወጥ፣ በሁለቱም ጊዜ አንድ ተጨማሪ አይኤንአር ያሠሩ። አረቄና ጠላም ውጤቱን ያናጋሉ።

ትልቁ አደጋ የሚመጣው ግን ከፋርማሲ ነው። ለአሜባ ተብሎ ያለ ማዘዣ የሚገዛው ሜትሮኒዳዞል የዋርፋሪንን ኃይል ክፉኛ ያንረዋል፤ ባክትሪምና ፍሉኮናዞልም እንዲሁ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራን ያደማሉ፤ ለራስ ምታት ፓራሲታሞል በልኩ ይሻላል። የቲቢው ሪፋምፒሲን በተቃራኒው ዋርፋሪኑን ያዳክመዋል፤ ቲቢው አልቆ ሲቆም ደግሞ ደሙ በድንገት ይቀጥናል። ፋርማሲ በሄዱ ቁጥር መጀመሪያ የሚናገሩት «ዋርፋሪን እወስዳለሁ» የሚለውን ይሁን፤ የወር መርፌውን ለሚወጋዎ ነርስም ጭምር፣ አይኤንአሩ ከፍ ብሎ ከሆነ ጡንቻው ውስጥ ሊደማ ስለሚችል።

ምርመራ የማይጠይቁት አዳዲስ ደም ማቅጠኛዎች ይሻሉኛል የሚል ካለ፦ ለብረት መሰል ቫልቭ አይሆኑም፤ ዳቢጋትራን ተሞክሮ ጉዳቱ ስለበለጠ ጥናቱ ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ኢንቪክተስ የተባለው ጥናትም፣ የሩማቲክ ሕመም ኖሯቸው ምታቸው ለተዘበራረቀ ሰዎች የዋርፋሪን ዓይነቱ ሕክምና ከሪቫሮክሳባን እንደሚሻል አሳይቷል።

ሰባተኛ፦ ጥርስና ትኩሳት

ጥርስዎን ይንከባከቡ፤ በታመመ ድድ የሚገባ ባክቴሪያ ቫልቭ ላይ ይሰፍራል። ሰው ሠራሽ ቫልቭ ካለዎት ጥርስ ከመነቀልዎ በፊት አንቲባዮቲክ ይታዘዝልዎታል፤ የወር መርፌ የሚወስዱ ሰዎች ከፔኒሲሊን ውጪ ያለ ይመረጥላቸዋል። ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ከጥቂት ቀናት በላይ ከቆየ፣ በዘፈቀደ አንቲባዮቲክ ከመጀመርዎ በፊት የደም ካልቸር እንዲወሰድ ይጠይቁ፤ መድኃኒቱ ከቀደመ ባክቴሪያው ይደበቃል።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ምልክቶች

አፍ ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ ንግግር ከተኮላተፈ። የቫልቩ ቀጭታ ከጠፋ ወይም ከታፈነ። ተቀምጠው እንኳ ትንፋሽ ካጠረዎት። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ የአፍንጫ ደም አልቆም ካለ። ዋርፋሪን እየወሰዱ ጭንቅላትዎን ከተመቱ፣ ባያምዎትም። በማንኛውም በአንዱ ጊዜ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ፤ የዋርፋሪን ደብተሩንና የቫልቩን ካርድ የሚይዘው የቤተሰብ አባል ማን እንደሆነ ከዛሬው ይወሰን።